በሰው አገር የዋለ በዓል

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ናፍቆት ስንናገር ዘወትር ተጓዦቹ እኛው ነን፤ «ሰው አገር» የምንለውም የሌላውን አገር ነው። ለዛሬው የቤተ ሰብ አምዳችን ግን ነገሩን ገልብጠን ማየት መርጠናል። ሰው አገር የተባለችው የራሳችን አገር ስትሆን፣ ናፋቂውም ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ እንግዳ ሲሆን፣ የለመድነው ስሜት አዲስ መልክ ይዞ ይታያልና ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962፣ አደይ አበባ ሜዳውን በሸፈነበት ወቅት፣ 280 ገደማ የሚሆኑ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ገቡ። «የሰላም ጓድ» የተባለው ድርጅታቸው በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ትእዛዝ ከተቋቋመ ገና ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ይባሉ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የፔንሲልቬኒያ ሴናተር የሆኑት ናቸው። በጎ ፈቃደኞቹ በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው፣ ጥቂት አማርኛም ቀማምሰው መጡ። አብዛኞቹ ኮሌጅን በቅርብ የጨረሱ ወጣቶች ነበሩ። ከዚያም ወደ ሐረር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ደሴና ወደ ሌሎች ከተሞች ለመምህርነት ተበተኑ። የአገልግሎታቸው ዘመን ሁለት ዓመት ነበር።

ማንም አላስገደዳቸውም። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ያለው ከዚህ ላይ ነው። ተገዶ የሄደ ሰው ሲከፋው የሚያማርረው አያጣም፤ አዛዡን ያማርራል፣ ዕጣውን ያማርራል፣ ዘመኑን ያማርራል። ወድጄ እሄዳለሁ ብሎ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ግን ናፍቆት ሲይዘው ጣቱን የሚቀስረው በራሱ ላይ ብቻ ነው። «ማን ሂድ አለኝ?» ይላል። እናቱ እያለቀሰች፣ ጓደኞቹ እያደነቁት የተሸኘ ሰው፣ በሦስተኛው ወር «መመለስ አማረኝ» ብሎ መጻፍ ያፍራል። ስለዚህ የሚጽፈው «ደኅና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም» የሚል ነው። የበጎ ፈቃደኛ ናፍቆት ከሌላው የሚከፋው በብዛቱ ሳይሆን በመደበቁ ይመስለናል። ወዶ የዘመተ ወታደር ያለባት እመቤትም ይህን ታውቀዋለች፤ «ደኅና ነኝ» የምትለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ስንት ነገር ታቅፋ እንደምትመጣ።

ለመሆኑ እነዚያ ወጣቶች ምን ጎደለባቸው? ትልቁ ነገር አልነበረም። ሰውን በሰው አገር የሚያደክመው ትንሹ ነገር ነው። የሰዓት አቆጣጠራችንን ብቻ እንውሰድ። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ለአሜሪካዊው ግን ያ ጊዜ ስምንት ሰዓት ይባላል። «ነገ በሁለት ሰዓት እንገናኝ» የተባለ እንግዳ፣ በእርሱ ቁጥር ወይ ሌሊት ነው፣ ወይ ከቀትር በኋላ። ወሩም 12 ሳይሆን 13 ሆኖ ያገኘዋል፤ ዓመቱም በሰባት ወይም በስምንት ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቀዋል። ሰዓቱን፣ ቀኑንና ዓመቱን በየዕለቱ በልቡ እየደመረና እየቀነሰ የሚኖር ሰው፣ ምሽት ላይ ለምን እንደ ደከመው ራሱም አያውቀው።

መታየቱም ሌላ ድካም ነው። በአገሩ በመንገድ ሲሄድ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ወጣት፣ እኛ ዘንድ ሲመጣ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» የሚል የሕፃናት ሰልፍ ይከተለዋል። ሕፃናቱ ክፋት የለባቸውም። ዳሩ ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ለሁለት ዓመት ያህል መታየት ቀላል አይደለም። የበርበሬውን ነገር አንዘረዝረውም፤ እርሱን ፈጥነው ለመዱት፤ ከለመዱትም በኋላ ሊተዉት አልቻሉም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በዓል ነው። የአሜሪካውያን የልደት በዓል የሚውለው በእነርሱ ዲሴምበር 25 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ተራ የሥራ ቀን። እስቲ አስቡት። በዚያች ቀን እናቱ ቤት ዛፍ ተሸልሟል፤ ወንድሞቹና እኅቶቹ ተሰብስበዋል። እርሱ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ጠመኔ ይዞ ቆሟል። ደወል ይደወላል፣ ተማሪዎች ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። ከሚያስተምራቸው ልጆች አንዱ እንኳ ቀኑ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የማያውቁትም ክርስትናን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የእነርሱ ገና ገና ሁለት ሳምንት ስለሚቀረው ነው። ውጭ ፀሐይ ናት፤ መኸር እየተሰበሰበ ነው፤ በረዶ የለም። የከፋ ነገር ቢደርስበት ኖሮ ለማልቀስ ምክንያት ባገኘ። የደረሰበት ነገር ግን ምንም አለመድረሱ ነው፤ በዓሉ በላዩ ላይ ሳይቆም አለፈ።

ከ13 ቀን በኋላ የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ሲብት፣ ያው ሰው በጎረቤት ቤት ይገኛል። ከሰፈሩ ወይዘሮዎች አንዷ «ብቻውን በዓል ይውላል እንዴ?» ብላ ልጇን ልካበታለች። ዶሮው ቀርቧል፤ እንቁላሉ ለእንግዳ ይሰጣል፤ ጉርሻም ይመጣል። በአገሩ ሕፃን ካልሆነ በቀር ሰው በሰው እጅ አይጎርስምና መጀመሪያ ይደነግጣል። ቡና ሲፈላም አንድ ስኒ ጠጥቶ ለመሄድ ይነሣል፤ «ገና አቦሉ ነው፣ ቶናውና በረካው ይቀራል» ተብሎ ይያዛል። በዚያ ሦስተኛ ስኒ ላይ ነው እንግዳው ከእንግድነት የሚወጣው። ማንም ስለ ናፍቆት አላነሣበትም፤ «አይዞህ» እንኳ አልተባለም ይሆናል። ባይመጣ ግን «ምነው ቀረ?» የሚል ሰው ተገኝቷል። ናፍቆትን ከማንኛውም መድኃኒት በላይ የሚያቀለው ይኸው «ምነው ቀረ?» የሚል ሰው ማግኘት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ለዚህ ሕመም ስም ያወጣለት የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የ19 ዓመት ወጣት። እ.ኤ.አ. በ1688 በስዊስ አገር በባዝል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ መመለስና ሕመም የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ «ኖስታልጂያ» አለው። ከገለጻቸው ሕሙማን አንዱ ከበርን ከተማ ለትምህርት የመጣ ወጣት ነበር። ሊሞት ነው ተብሎ ወደ አገሩ ሲላክ፣ ቤቱ ሳይደርስ ገና በመንገድ ላይ እያለ መሻል ጀመረው። ሌላዋ በሆስፒታል የተኛች የገጠር ልጅ ነበረች፤ ምግብም መድኃኒትም እየመለሰች «ወደ ቤቴ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም፤ ወላጆቿ ዘንድ ስትመለስ ዳነች።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ በይበልጥ የወታደር ሆኖ ተቆጠረ። በባዕድ ነገሥታት ሠራዊት ውስጥ በደመወዝ ያገለግሉ የነበሩት የስዊስ ወታደሮች፣ የአገራቸውን የከብት እረኞች ዜማ ሲሰሙ እንባ እየቀደማቸው ከጦሩ ይኮበልሉ ስለ ነበር ዜማው እንዳይሰማ ተከልክሎ እንደ ነበረ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ዣክ ሩሶ ስለ ሙዚቃ በጻፈው መዝገበ ቃላት ገልጿል። በሰሜንና በደቡብ አሜሪካውያን የእርስ በርስ ጦርነትም (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) የሰሜኑ ጦር ሐኪሞች ከ5000 በላይ ወታደሮችን «በናፍቆት የታመሙ» ብለው መዝግበዋል። በእኛ የጦር ሰፈር ማታ ማታ ክራር ሲነሣና የትዝታ ቅኝት ሲቃኝ የሚሆነውን ለሚያውቅ ሰው የስዊሶቹ ነገር አይገርመውም። ግን መከልከሉ የተሻለ ዘዴ አይመስለንም። ክራሩ ናፍቆትን አያመጣውም፤ የነበረውን ያናግረዋል እንጂ።

በዘመናችን ሌላ ስም የሰጡትም አሉ። ካሌርቮ ኦበርግ የተባሉ የሕዝቦችን ባህልና አኗኗር የሚያጠኑ ሊቅ፣ ቀደም ሲል በኡጋንዳ የአንኮሌን መንግሥት ያጠኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ለሴቶች ክበብ ባደረጉት ንግግር «የባህል ድንጋጤ» የሚለውን አሳብ አስረዱ። በሽተኛው እጁን አብዝቶ ይታጠባል፤ ውኃውንና ምግቡን ይጠራጠራል፤ በጥቂቱ ይቆጣል፤ ዓይኑን ሩቅ ተክሎ ዝም ይላል፤ ያገሩን ሰዎች ብቻ ይፈልጋል፤ በመጨረሻም የአገሩ ቡናና የአገሩ ኬክ በዓይኑ ይዞራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ጫጉላ ያልፋሉ፤ ሁሉ ነገር ያምራል። ከዚያ በኋላ መክፋት ይመጣል፤ ቀስ በቀስም መላመድ ይከተላል። ስቬር ሊስጋርድ የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጡት ጥናት፣ አሜሪካ ደርሰው ከተመለሱ 200 የአገራቸው ሰዎች መካከል ከስድስት ወር እስከ 18 ወር የቆዩት፣ ከዚያ ካነሰውም ከዚያ ከበለጠውም ይልቅ ሳይመቻቸው መቅረቱን አገኙ። እርግጥ ሁሉም በዚህ መንገድ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ1998 በኒውዚላንድ በሚማሩ ጃፓናውያን ላይ የወጣ ጥናት ጭንቀቱ የበረታው ገና ሲገቡ መሆኑን አሳይቷል። ቶሎ የሚያለቅስም አለ፣ ዘግይቶ የሚያለቅስም አለ። ዘግይቶ የመጣበት ግን «እንዴት አሁን? ለምጄ ነበርኮ» ብሎ በራሱ እንዳያፍር፣ የብዙ ሰው መንገድ መሆኑን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ኦበርግ በዚያ ንግግር ለሴቶቹ የተናገሩት አንድ ነገር አለ፤ የዚህ አምድ አንባቢዎች ልብ ይሉታል ብለን እናምናለን። ባል ሥራው ይይዘዋል፤ ሥራውም በአገሩ ከለመደው ብዙ አይርቅም። ሚስት ግን ካደገችበት እጅግ በተለየ ኑሮ ውስጥ ውላ ታድራለች፤ ስለዚህ የሚበልጠው ሸክም በእርስዋ ላይ ነው። ይህ ለባሕር ማዶ ብቻ የተነገረ አይደለም። ባሏን ተከትላ፣ ቋንቋውን ወደማታውቀው፣ ገበያው በሌላ ቀን ወደሚውልበት፣ ውኃው በሌላ መንገድ ወደሚቀዳበት የጦር ሰፈር የገባች ሴት፣ ድንበር ሳትሻገር ሰው አገር ገብታለች። ባሏ ጓድ አለው፣ ተረኛ ነው፣ ስሙ በየጧቱ ይጠራል። የእርስዋን ስም የሚጠራ የለም፤ ጎረቤት ቡና ጠጪ ብሎ እስኪጠራት ድረስ። በሰፈሩ ቀደም ብለው የኖሩ እኅቶች አዲስ ጓዝ ሲራገፍ ባዩ ጊዜ፣ ያችን አንዲት ስኒ እንዳያዘገዩአት አደራ እንላለን።

አሁን ወደ ደብዳቤ እንለፍ። ናፍቆት ክፉ ምክር ይመክራል፤ ከምክሮቹም አንዱ «አሁኑኑ ጻፍ» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1961 ከመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች አንዷ፣ በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ እንደ ደረሰች፣ ባየችው ችግር ተደናግጣ ለወዳጅዋ ፖስትካርድ ጻፈች፤ የሕዝቡ አኗኗር ኋላ ቀር መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ካርዱ ፖስታ ቤት ሳይደርስ ከእጅዋ ወድቆ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እጅ ገባ፤ ተባዝቶ ተበተነ፤ ሰላማዊ ሰልፍ ተነሣ፤ እርስዋም ወደ አገርዋ ተመለሰች። ወጣቷ ክፉ ሰው አልነበረችም። የጻፈችው በመጀመሪያው ድንጋጤ ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት የተጻፈ ደብዳቤ ትራስ ሥር ቢያድር ኖሮ ጧት ሌላ ደብዳቤ በሆነ ነበር።

ከቤት ለሚጽፉትስ? «ልጁ ደኅና ነው» የሚል ቃል እውነት ቢሆንም አይታይም። «የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው፤ የጣለውን ሊያይ ደግሞ ሊወጣ ሲል ያዝኩት» የሚል ግን ይታያል። አባትየው ልጁን ያያል፣ ጣሪያውንም ያያል። ላሚቱ ወለደች ወይስ አልወለደችም፣ የጎረቤቱ አጥር ወደ እኛ ገፋ ወይስ አልገፋም፣ ይህን የመሰለ ጥቃቅን ወሬ በሩቅ ላለ ሰው ስንቅ ነው። በየደብዳቤው «መቼ ነው የምትመጣው?» እያሉ መጠየቅ ግን መልሱ በእጁ ላልሆነ ሰው ቁስል ነው።

የመርዶው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ባህላችን በሩቅ ያለ ሰው እንዳይደናገጥ ሞትን መደበቅን ይመርጣል። አሳቡ የፍቅር ነው፤ ለጥቂት ቀንም ያስኬድ ይሆናል። ለወራት ሲደበቅ ግን ጉዳት አለው፤ አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው በኋላ «ደኅና ነን» የሚለውን ቃል ዳግመኛ አያምንም፤ ሌሊቱን «ደግሞ ማንን ደብቀውኝ ይሆን?» ሲል ያድራል። መርዶውን በደብዳቤም በስልክም በቀጥታ ከማርዳት፣ በአጠገቡ ላለ ላገሩ ልጅ ወይም ለቅርብ አለቃው አስታውቆ፣ እንደ ወጉ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ እንዲያረዳው ማድረግ ይሻላል። አብሮት የሚቀመጥ ሰው ሳይኖር ለብቻው እንዳይሰማ ነው ዋናው።

ዛሬ ስልክ በየኪሱ ነው፤ የጥንቱ የአየር ደብዳቤ የሳምንታት መንገድ በደቂቃ ሆኗል። መልካም ነው። ነገር ግን በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቤቱን በስልክ የሚኖር ሰው፣ አካሉ እዚያ ልቡ እዚህ ሆኖ ከሁለቱም ይጎድላል፤ የጎረቤቱን ቡና የሚጠጣበትም ጊዜ አይተርፈው። ሁለት የታወቁ ቀኖችን ቆርጦ፣ በእነዚያ ቀኖች ሳይቀሩ መነጋገር ለልጆችም ለእናትም ይጠቅማል። በምሽግ ላለ ሰው ደግሞ ስልክ የሚጠፋበት ሳምንት አለ፤ «ዝም ካልኩ መሥመር የለም ማለት ነው» ብሎ አስቀድሞ መናገር ብዙ እንቅልፍ ያድናል።

ከራሳችን ሠራዊት ታሪክ አንድ ነገር እንጨምር። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጓድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1951 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በግንቦት ፑሳን ወደብ ገባ። ተራ በተራ በኮሪያ ያገለገሉት ኢትዮጵያውያን ከ6000 በላይ ናቸው። አጥንት የሚሰብር ብርድ፣ የማይገባ ቋንቋ፣ የማይታወቅ ምግብ ነበር። እነዚያ ወታደሮች ከደመወዛቸው እያዋጡ በዶንግዱቾን ከተማ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ይረዱ ነበር። መዝመቱ ትእዛዝ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አላዘዛቸውም። ልጆቹን በሩቅ የተወ አባት የሰው ልጅ አቅፎ ሲያበላ ናፍቆቱ ይብስበታል የሚል ይኖራል። እኛ ተቃራኒውን እንገምታለን፤ እጁ የሚሠራው አግኝቷልና።

መመለስም የራሱ ናፍቆት አለው፤ ይህን ቤተ ሰብ አይጠብቀውም። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 በወሊሶ ያስተማሩት ፖል ሶንጋስ፣ በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር የሆኑትና እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩነት የተወዳደሩት፣ ወሊሶ ሕይወታቸውን እንደ ቀረጸችው ይናገሩ ነበር፤ ከዚያም ከተመለሱ በኋላ ከዚያው ድርጅት ጋር እንደገና ወደ ዌስት ኢንዲስ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በሙሉ፣ 7000 ያህል ሰዎች፣ ከያሉበት አገር በቀናት ውስጥ ተጠርተው ተመለሱ፤ ብዙዎቹም ጎረቤቶቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን ሳይሰናበቱ ነበር። ቤታቸው ገብተው ሳለ የናፈቁት የተዉትን ቤት ነበር።

ስለዚህ ከሩቅ ግዳጅ የተመለሰ ባል በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ቢል፣ ሌሊት ቢነሣ፣ ወይም ስለማታውቁት ሰውና ስለማታውቁት መንደር ደጋግሞ ቢያወራ፣ ፍቅሩ ቀነሰ ብላችሁ አትዘኑ። ዘመድ ሁሉ በአንድ ቀን እንዳይሰበሰብበት አድርጉ። ቡናውን በሦስቱም ዙር አፍሉለትና የዚያን አገር ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠይቁት።